ብርሃኑ ሳይታወቅ ሲደክም

የዲጂታል ሲኒማ ዓለም በአንድ ቁጥር ላይ ተስማምቷል፤ ቁጥሩ 48 ነው። ባዶ ነጭ ምስል ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ መሀሉ ላይ የሚለካው ብርሃን 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር መሆን አለበት። ይህን የደነገጉት እ.ኤ.አ. በ2002 ተሰባስበው ዲ.ሲ.አይ. የተባለውን ጥምረት ያቋቋሙት የሆሊውድ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ዝርዝር መስፈርት በ2005 አወጡ። የፊልሙን ቀለም የሚያስተካክለው ባለሙያ ሥራውን የሚጨርሰው ይህንኑ ብርሃን አስቦ ነው። በሌሊት ትዕይንት ውስጥ ጥግ ይዞ የቆመው ሰው ፊቱ ይለይ አይለይ የሚወስነውም ይኸው ቁጥር ነው።

ያ ብርሃን ግን ከቀን ወደ ቀን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ እኛም አይታወቀንም። ዓይናችን ጨለማን ቶሎ ይለምዳል። ብርሃኑ ወደ ግማሽ ቢወርድ እንኳን፣ አጠገቡ የሚያወዳድረው እስከሌለ ድረስ፣ አብዛኛው ተመልካች «ፊልሙ ጨለም ያለ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥፋቱ በፊልም ሠሪው ላይ ይላከካል። ከወንበራችን ኋላ፣ ከትንሿ መስኮት ጀርባ ያለችው የማሽን ክፍል የጥገና መርሐ ግብር ያስፈለጋት ከሁሉ በፊት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የተሰበረ ዕቃ ራሱ ይጮኻል፤ ሰውም ሮጦ ይደርስለታል። ቀስ እያለ የሚደክመውን ግን የሚይዘው ደብተርና መለኪያ ብቻ ነው።

እስቲ ለምን እንደሚደክም እንይ። ሌዘር እስኪስፋፋ ድረስ በሲኒማ ፕሮጀክተር ውስጥ የነገሠው የዜኖን አምፖል ነው። ከኳርትዝ የተሠራ፣ መሀሉ ያበጠ ብርጭቆ ነው። ውስጡ ሁለት የተንግስተን ጫፎች በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ይፋጠጣሉ፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል በመካከላቸው ያለው የዜኖን ጋዝ ግሎ ያበራል። ለመካከለኛ አዳራሽ 2 ወይም 3 ኪሎዋት ይበቃል፤ ለትልቅ ስክሪን 6 እና 7 ኪሎዋት ድረስ ይኬዳል። ይህም ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ ተጥዶ የሚስበውን ያህል ኃይል ነው፤ ሁሉም በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ተጠራቅሞ። በዚያ ሙቀት ተንግስተኑ ይተንናል፤ ትነቱም ኳርትዙ ላይ እየተለጠፈ ከውስጥ ያጠቁረዋል። ጫፎቹ ስለሚበሉ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል፤ ብርሃኑ ይበተናል፤ አንዳንዴም ይርገበገባል። በተለይ ብዙ የሚበላቸው የመለኮሻዋ ቅጽበት ናት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ተልኮ ነው አምፖሉ የሚነሳው። ስለዚህ በሁለት የፊልም ማሳያ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ከሆነ፣ አጥፍቶ ከመለኮስ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ እንደበራ መተው ይሻላል።

የአምፖሉ ዕድሜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ባለ 2 ኪሎዋቱ ከ2,000 ሰዓት በላይ ዋስትና ሊሰጠው ይችላል፤ ትልልቆቹ ግን ብዙ ጊዜ ሺህ አይደርሱም። በቀን 12 ሰዓት የሚሠራ አዳራሽ ሺህ ሰዓትን ሦስት ወር ሳይሞላ ይጨርሳል ማለት ነው። ኦፕሬተሩ አምፖሉ አዲስ ሳለ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና፣ እየደከመ ሲሄድ በጥቂቱ ይጨምርለታል። ይህን በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮጀክተሮችም አሉ። ጭማሪው ጣሪያ ሲነካና ብርሃኑ አሁንም ከ48 በታች ሲሆን፣ አምፖሉ ቢበራም አገልግሎቱ አብቅቷል።

«እየበራ ለምን ይቀየራል?» የሚለው ሙግት በየሲኒማ ቤቱ አለ፤ በተለይ አምፖሉ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱ ግን ግፊቱ ላይ ነው። የዜኖን አምፖል ቀዝቅዞ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ እንኳን በውስጡ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል፤ ሲግል ከዚያ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ኳርትዙ ባረጀ ቁጥር የመፈንዳት ዕድሉ ያድጋል። ሲፈነዳ ብቻውን አይሄድም፤ ዙሪያውን የሚያቅፈውን አንጸባራቂ መስታወት ይዞት ይጠፋል፤ እሱ ደግሞ ከአምፖሉ በብዙ ይወደዳል።

አምፖል ሲቀየር አጠገብ ቆሞ ማየት የዚህን ሥራ ክብደት ያሳያል። ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ቬንቲሌተሩ አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ይሠራል፤ እስኪቀዘቅዝ ማንም በሩን አይነካም። ከዚያ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይወርዳል። ኦፕሬተሩ ፊትና አንገት የሚሸፍን ጭንብል፣ ወፍራም ጓንትና ደረት የሚከላከል ጃኬት ይለብሳል፤ የማይለብስ ሰው ክፍሉ ውስጥ አይቆምም። የድሮው አምፖል ወጥቶ በቀጥታ ወደ መከላከያ ሽፋኑ ይገባል። አዲሱ የሚያዘው ከብረት ጫፎቹ ብቻ ነው፤ ኳርትዙን በባዶ ጣት መንካት ክልክል ነው። የጣት ቅባት ሲግል እዚያው ይቃጠላል፤ ያ ቦታ ለብቻው ይግልና መሰንጠቂያ ይሆናል። ከተነካ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይጠረጋል። ማጥበቂያው ልክ ሊኖረው ይገባል፤ ከላላ መገናኛው እየተቃጠለ ይቦረቦራል፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ወይም ከተጠመዘዘ ኳርትዙ ይጨነቃል። በመጨረሻ የሰዓት ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የአምፖሉ ተከታታይ ቁጥርና ቀኑ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ብርሃኑም በመለኪያ እየታየ አምፖሉ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ፊት በጥቂቱ እየተገፋ ትክክለኛ ቦታው ይፈለጋል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ በጥድፊያ የሚዘለል ነው፤ ሲዘለል አዲሱ አምፖል ገና ከመጀመሪያ ቀኑ ብርሃኑን ያባክናል።

አሁን ወደ አየር እንምጣ፤ ለአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች እጅግ አስፈላጊው ክፍል ይህ ይመስለኛል። ፕሮጀክተር የሚቀዘቅዘው በብዙ አየር ነው፤ አየሩ ከክፍሉ ይሳባል፣ በፊልትሮ ያልፋል፣ ሙቀቱን ይዞ በጣሪያው ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ አንድ ዓይነት ቬንቲሌተር በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢሽከረከርም ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙዎቹ አምራቾች የሥራ ከፍታ ጣሪያ አድርገው የሚጽፉት 3,000 ሜትር ነው። ማሽኑ ይሠራል፤ ግን ለቸልተኝነት የተረፈው ቦታ ጠባብ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሲኒማ ቤት በአቧራ የተደፈነ ፊልትሮ ይዞ ጥቂት ሳምንት ሊገፋ ይችል ይሆናል፤ እዚህ ግን ማስጠንቀቂያው ቶሎ ይመጣል፣ ፊልሙ መሀል ላይም ማሽኑ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። በበጋ አቧራ ደግሞ ፊልትሮው ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ በመመሪያው ላይ «በወር አንድ ጊዜ» ተብሎ የተጻፈውን እኛ በየሁለት ሳምንቱ ብናየው አይበዛም። የሚታጠበው ዓይነት ከሆነ ሁለት ጥንድ መያዝ ነው፤ አንዱ ማሽኑ ላይ ሲሆን ሌላው ታጥቦ ይደርቃል። እርጥብ ፊልትሮ ፈጽሞ አይገባም። ወደ ጣሪያው የሚወጣው ቱቦም የአየር ፍጥነቱ በመለኪያ ይታይ፤ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ አቧራ ከውጭ አይታይም።

አቧራው ካለፈስ? በባለሙያ ደረጃ ባሉት ፕሮጀክተሮች ውስጥ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ፣ በድምሩ ሦስት ቺፖች አሉ። በ2ኬ ማሽን እያንዳንዱ ቺፕ ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ደቃቅ መስታወቶችን ይዟል፤ እያንዳንዷ መስታወት በሴኮንድ በሺዎች ጊዜ እየተገለበጠች አንዲት የምስል ነጥብ ትሠራለች። ብናኝ ወደዚያ አካባቢ ከደረሰ ስክሪኑ ላይ የማይንቀሳቀስ ብዥታ ሆኖ ይታያል። ያንን ማጽዳት የኦፕሬተር ሥራ አይደለም፤ የሠለጠነ ቴክኒሻን ይጠራል። ለፊልትሮ የሚወጣው ትንሽ ወጪና ጊዜ ይህን ያድናል።

ከአቧራ የከፋ ጠላትም አለ፤ ፈንድሻ። የሚፈነዳበት ዘይት ተንኖ ከመግቢያው አዳራሽ ይነሳና የማሽን ክፍሉ መስኮት ላይ፣ ሌንሱ ላይ፣ ፊልትሮው ላይ በስሱ ይለጠፋል። አቧራ ብቻውን በትንፋሽ ይነሳ ነበር፤ ዘይት ሲጨመርበት ይጣበቃል። ስለዚህ ብርሃኑ የሚያልፍበት መስኮት በየሳምንቱ ከሁለቱም በኩል ይጸዳል። በአዳራሹ በኩል ያለው ፊት መሰላል ስለሚጠይቅ ይረሳል፤ ዘይቱ በብዛት የሚያርፈው ግን በዚያ በኩል ነው። ሌንሱ በተቃራኒው የሚጸዳው ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ብናኙ በአየር ይነፋል፣ ከዚያ በሌንስ ወረቀት ከመሀል ወደ ዳር ይጠረጋል። ደረቅ ብናኝ ላይ ጨርቅ ማሸት ሌንሱን ይጭረዋል። ወለሉም በመጥረጊያ አይጠረግም፤ መጥረጊያ አቧራውን አንስቶ ለማሽኑ ያቀብለዋል። ቫኪዩም ወይም እርጥብ ጨርቅ ይሁን።

የጧቱ ሥራ አጭር ነው። ኦፕሬተሩ አየር መሳቢያውን ያበራል፣ የሙቀትና የሰዓት ንባቡን ይጽፋል፣ የሙከራ ምስል አውጥቶ ፎከሱንና አራቱን ማዕዘን ያያል፣ እያንዳንዱን ስፒከር ለየብቻ ያዳምጣል። የጀርባ ስፒከር ሲሞት ተመልካች አያውቅም፤ ፊልሙ ጸጥ ያለ ይመስለዋል እንጂ። ድምፁ ራሱ መስፈርት አለው፤ የድምፅ መቆጣጠሪያው 7 ላይ ሲሆን የስክሪኑ ስፒከሮች እያንዳንዳቸው በሙከራ ድምፅ 85 ዴሲቤል መስጠት አለባቸው። ይህ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በማይክሮፎን ይለካል።

ፊልሙን ይዞ ለፕሮጀክተሩ የሚያቀርበው ሰርቨር ላይ ብዙዎች የማይጠረጥሩት ነገር አለ፤ ሰዓቱ። ዲጂታል ፊልም የሚመጣው ተቆልፎ ነው፤ መክፈቻው ለዚያ ሰርቨር ብቻ ተዘጋጅቶ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ይላካል። አንድ ሰው ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሶ ጊዜው ያለፈበትን ፊልም እንዳያሳይ፣ መስፈርቱ በዓመት ከ6 ደቂቃ በላይ ማስተካከልን ይከለክላል። ስለዚህ መዛባቱ ሳይጠራቀም በየወሩ መታየት አለበት። የሰርቨሩን የደኅንነት ማንነት ጠብቀው የሚያቆዩ ባትሪዎች ያሏቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ባትሪው ከሞተ ሰርቨሩ ምንም ፊልም መክፈት ሳይችል ይቀራል። ቀኑ ሳይደርስ መቀየር እንጂ ጠብቆ ማየት እዚህ ላይ አይሠራም።

መብራት ሲሄድ የሚሆነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የአምፖሉን ኃይል ዩፒኤስ የተባለው የመጠባበቂያ ባትሪ አይችለውም፤ ኤሌክትሮኒክሱንና ሰርቨሩን ግን መያዝ አለበት፤ ከተቻለ የአየር መሳቢያውንም። የጋለ አምፖል አየር ሲቋረጥበት ሙቀቱ የሚወጣበት ያጣል፤ በድንገት የጠፋ ሰርቨርም ሃርድ ዲስኩን ሊያጣ ይችላል። የዩፒኤስ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፤ በየሦስት ወሩ ጭነት ተሰጥቶት ካልተፈተነ መድከሙ የሚታወቀው መብራት በሄደበት ቀን ነው። በከተሞቻችን በተራ ቪዲዮ ፕሮጀክተር የአማርኛ ፊልም የሚያሳዩ አነስተኛ ቤቶችም ከዚህ አያመልጡም። ማሽናቸው ይነስ እንጂ ፊልትሮ፣ የአምፖል ሰዓትና የማቀዝቀዣ ጊዜ እዚያም አሉ።

በ35 ሚሊሜትር ዘመን ይህ ሁሉ በእጅ ይዳሰስ ነበር። ፊልሙ በሴኮንድ 24 ጊዜ ይቆማል፣ ይንቀሳቀሳል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም 172,800 ጊዜ ቆሞ ይነሳል ማለት ነው። ፊልሙ የሚያልፍበት በር ላይ የሚጠራቀመው ፍርፋሪ ምስሉን ስለሚጭር፣ ኦፕሬተሩ በየጥቅሉ መሀል በብሩሽ ይጠርገው ነበር፤ የጥርሶቹንም ዘይት በየቀኑ ያይ ነበር። የዘለለው ጽዳት በዚያው ምሽት ስክሪኑ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ይወጣበታል። ዲጂታሉ እንዲህ ፈጥኖ አይከስስም፤ ስለዚህም ነው ደብተሩ የበለጠ ያስፈለገው።

ሌዘር ሲመጣ ብዙዎች መርሐ ግብሩ ያበቃለት መሰላቸው። አምፖል የለም፤ አምራቾች 20,000 እና 30,000 ሰዓት ይላሉ፤ የኋለኛው በቀን 12 ሰዓት ከስድስት ዓመት በላይ ነው። ነገር ግን ያ ሰዓት የሚነገረው ማሽኑ በተፈቀደለት ሙቀት ከሠራ ነው፤ ሌዘር ሙቀትን አጥብቆ ይጠላል። ፊልትሮውና የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ከቀድሞው ይበልጥ ይጠበቃሉ። ሌዘሩም ይደክማል፤ «ዛሬ ይቀየር» የሚል ቀን ስለሌለው ግን በየሦስት ወሩ ስክሪኑ መሀል ላይ በመለኪያ ካልተነበበ መድከሙን የሚያስታውስ የለም።

እናንተም የምታደርጉት አለ። ማስታወቂያው ሲጀምር የስክሪኑን አራት ማዕዘን ተመልከቱ፤ ጽሑፉ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ነጩ ነጭ መሆኑን፣ አንዱ ጎን ከሌላው አለመጨለሙን እዩ። ችግር ካያችሁ ፊልሙ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ተነስታችሁ በሩ ላይ ላለው ሠራተኛ ንገሩ። ፎከስ ፊልሙ ሳይቋረጥ በጥቂት ሴኮንድ ይስተካከላል፤ ኦፕሬተሩ ግን በአብዛኛው ብዙ አዳራሽ በአንድ ጊዜ ስለሚቆጣጠር፣ የእናንተን ስክሪን እያየ ላይሆን ይችላል።