የፑቲንግ ምት አመራረጥ፦ ቀጥታ ወይስ ቅስት?

ጎልፍ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ኳሷን ከዓይን የሚያርቃት ትልቁ ምት ነው። ቆጠራው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የ18 ጉድጓድ ሜዳ ፓር አብዛኛውን ጊዜ 72 ነው፤ ፓር ሲሰላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ግሪን ላይ 2 ምት ይያዝለታል። 18 በ2 ሲባዛ 36፤ በስሌቱ የጨዋታው እኩሌታ ፑቲንግ ነው ማለት ነው። ፑቲንግ ደግሞ አጭር በተከረከመው ሣር ላይ ኳሷን ፑተር በሚባለው ዱላ እያንከባለሉ ወደ ጉድጓዱ መስደድ ነው። ነገ አሰልጣኝ ሆነን የሰው እጅ ለምናቀና (ወይም ለምናበላሽ) ለእኛ፣ የትኛው ምት ይመረጥ የሚለው ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

በአሠልጣኞች ዘንድ ሁለት ጎራ አለ። የናሳ ተመራማሪ የነበረው ዴቭ ፔልዝ የፑተሩ ራስ በቀጥታ መስመር ወደ ኋላ ሄዶ በዚያው መስመር እንዲመለስ ያስተምር ነበር። ስታን አትሊ በበኩሉ ራሱ እንደ በር ትንሽ እየተከፈተ ወደ ውስጥ ገብቶ በቅስት ቢመለስ ይሻላል ይላል። ክርክሩ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚከራከሩት በዋናነት ስለ መንገዱ ነው። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ ከአምስት አራት እጅ ያህል የሚወስነው ግን መንገዱ ሳይሆን ዱላው ኳሷን ሲነካ ፊቱ የሚያይበት አቅጣጫ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 54። በ3 ሜትር ርቀት ላይ 1 ዲግሪ ስህተት ኳሷን 52 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ያወጣታል፤ ጠርዙ ላይ ደረሰች ማለት ነው። በ1 ሜትር ርቀት ግን እስከ 3 ዲግሪ መሳት ይቻላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "የትኛው ምት ያምራል?" ሳይሆን "የእኔ አካል ያለ ትግል የፑተሩን ፊት ቀጥ አድርጎ የሚመልሰው በየትኛው ነው?" የሚለው ነው።

ይሄ ደግሞ የባዮሜካኒክስ ጉዳይ ነው። በሕጉ መሠረት የፑተር ዘንግ ከቀጥ ያለ ቁመት ቢያንስ 10 ዲግሪ ማዘንበል አለበት። ያዘነበለ ነገር እንደ ፔንዱለም ሲወዛወዝ ከላይ ለሚያየው ቅስት ይሠራል። ቀና ብሎ የሚቆም ሰው ትከሻው ወደ ጎን ስለሚዞር ቅስቱ ይሰፋል። ዓይኑ ከኳሷ በላይ እስኪሆን ድረስ አጎንብሶ የሚቆም ሰው ግን ትከሻው ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚሄድ ምቱ ወደ ቀጥታ ይጠጋል። ወገቡን የሚያመውን ተማሪ "አጎንብስ፣ ቀጥ አርገህ ምታ" ማለት እንግዲህ ምን እንደሚያመጣ አስቡት። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ አቋቋሙ ይታይ፤ ምቱ ከዚያ ይከተላል።

ሻምፒዮን አይቶ መቅዳትም አደጋ አለው። ሳም ስኒድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኳሷን በእግሮቹ መሐል አድርጎ እንደ ክሮኬት ይመታ ነበር፤ በ1968 ተከለከለ። ኪገን ብራድሊ በ2011፣ ዌብ ሲምፕሰንና ኧርኒ ኤልስ በ2012፣ አዳም ስኮት በ2013 የዱላውን ጫፍ ወይም የያዘውን እጅ አካላቸው ላይ ተክለው ታላላቅ ውድድሮችን አሸነፉ። ብዙ ሰው ተከተላቸው። ከጥር 2016 ጀምሮ ግን እሱም ታገደ፤ የለመደው ሁሉ እንደገና መማር ግድ ሆነበት።

በሌላ በኩል መለወጥ ያዳነውም አለ። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር ዪፕስ በሚባለው፣ በአጭር ፑት ላይ እጅን ሳይታሰብ በሚያስደነግጥ ችግር በተደጋጋሚ ተሰቃይቷል። አያያዙን ደጋግሞ ቀይሮ በ1985ም በ1993ም ማስተርስን አሸንፏል። እሱ የለወጠው ግን ፋሽን አይቶ ሳይሆን እጁ እምቢ ስላለው ነው።

መምረጥ ለሚፈልግ ርካሽ ፈተና አለ። ለስላሳ ሲሚንቶ ወይም ስስ ምንጣፍ ይበቃል፤ ሣር የግድ አይደለም። ከኳሷ 1 ሜትር ፊት ለፊት ሁለት እርሳሶችን በ60 ሚሊ ሜትር ልዩነት አቁሙ። የኳሷ ስፋት 43 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ከግማሽ ዲግሪ ብዙም ያልበለጠ ስህተት እርሳሱን ያስነካታል። በቀጥታ ምት 20፣ በቅስት 20 ምቱና ሳይነኩ ያለፉትን መዝግቡ። የአንድ ቀን ውጤት አይታመንም፤ ሳምንት ያህል፣ ቅደም ተከተሉን እየቀያየራችሁ ሞክሩት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ እጅ ሲደክም፣ የትኛው ቁጥር ቀድሞ እንደሚወርድ በተለይ ተመልከቱ።