ስለ ውርርድ ዋጋ

በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በነገር ሲካሰሱ በዳኛ ፊት ቆመው በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። አንዱ ነገሬ እውነት ነው ሲል፣ ሁለተኛውም ሐሰት ነው ሲል፣ እያንዳንዱ ስለ ቃሉ ውርርድ ያቆም ነበር። ክርክሩ ባለቀ ጊዜ የተረታው ሰው የተወራረደበትን ይከፍላል። ዳሩ ግን ማሩን የሚቀበለው የረታው ሰው አልነበረም፤ ዳኛው ነበር እንጂ። ከሳሽ ቢረታ፣ ተከሳሽም ቢረታ፣ ዳኛው ማሩን አያጣም። ይህን ያስተዋለ ሰው ከዚህ በኋላ የሚነገረውን ለማስተዋል አይቸገርም።

ዛሬ ውርርድ ከችሎት ወጥቶ ወደ ኳስ ሜዳ ገብቷል። በጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለችው በአሰላ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹም የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ ሕዝቡ «ቤቲንግ» የሚለው ሥራ ገብቷል። ቅዳሜና እሑድ በእንግሊዝ አገር ስለሚደረገው የኳስ ጨዋታ ጎልማሶች ገንዘብ ያስይዛሉ፤ ያስያዙበትንም ትኬት በኪሳቸው ይዘው ይመለሳሉ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ አጠገብ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈዋል። እነዚህም ቁጥሮች «ኦድ» ይባላሉ። ብዙ ሰው በየቀኑ ያነባቸዋል፤ ትርጓሜያቸውን መርምሮ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ሁለት ቡድኖች ይጫወታሉ እንበል፤ አንደኛው ብርቱ፣ ሁለተኛው ደካማ ነው። ብርቱው ቢያሸንፍ 2.00፣ እኩል ለእኩል ቢወጡ 3.20፣ ደካማው ቢያሸንፍ 4.00 ተብሎ ተጽፏል። ትርጓሜው ይህ ነው። ስለ ብርቱው 100 ብር ያስያዘ ሰው፣ ብርቱው ቢያሸንፍ 200 ብር ይቀበላል። ከዚህ ውስጥ 100 ብሩ የራሱ ገንዘብ ስለ ሆነ ትርፉ 100 ብር ብቻ ነው። ስለ ደካማው 100 ብር ያስያዘ ሰው ደካማው ቢያሸንፍ 400 ብር ይቀበላል። የማይመስል ነገር ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ የሚመስል ነገር ሲሆን ቁጥሩ ዝቅ ይላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው።

አሁን ደግሞ ከቶ መሸነፍ የማይወድ አንድ ብልጥ ሰው መጣ እንበል። ይህ ሰው በሦስቱም ላይ አስይዤ፣ የፈለገው ቢሆን 1,000 ብር እቀበላለሁ ብሎ አሰበ። ስለ ብርቱው 500 ብር ያስይዛል፤ በ2.00 ሲባዛ 1,000 ይሆናልና። ስለ እኩል መውጣት 312 ብር ከ50 ሳንቲም ያስይዛል፤ ይህም በ3.20 ሲባዛ 1,000 ነው። ስለ ደካማው 250 ብር ያስይዛል፤ በ4.00 ሲባዛ 1,000 ነው። ጨዋታው እንዴትም ቢያልቅ 1,000 ብሩን ይቀበላል። ነገር ግን ያስያዘው ገንዘብ ሲደመር 1,062 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። 62 ብር ከ50 ሳንቲሙ የት ሄደ? ያ የዳኛው ማር ነው። ባለ ቤቱ ቁጥሮቹን ገና ሲጽፍ የራሱን ድርሻ በውስጣቸው አስቀምጧል።

የአርሲ ገበሬ ይህን ከገብስ ንግድ ያውቀዋል። ነጋዴው ገብሱን ከገበሬው በአንድ ዋጋ ይገዛል፤ በአሰላ ላለው የብቅል ፋብሪካ ደግሞ ከዚያ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጣል። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት እንጀራው ነው፤ ስለዚህም ሌባ አይባልም፤ ገብሱን ተሸክሟልና፣ በጎተራም አስቀምጧልና። የውርርድ ቤትም የሚኖረው በዋጋ ልዩነት ነው። የሚለያዩበት ግን አለ። የገብስ ነጋዴ በገበያው መጨረሻ ገበሬውን ገንዘብ አስይዞ ይሰደዋል። የውርርድ ቤት የሚሸጠው ግን ተስፋ ነው፤ ተስፋውም ጨዋታው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ደግሞም ቁጥሩ በአንድ ቦታ አይቆምም። ብዙ ሰው ስለ ብርቱው ቡድን ቢያስይዝ፣ ባለ ቤቱ 2.00 የነበረውን 1.80 ያደርገዋል፤ 4.00 የነበረውንም ወደ ላይ ያወጣዋል። ይህም በፋሲካ ዋዜማ የዶሮ ዋጋ እንደሚወደድ ያለ ነው። ስለዚህ ኦድ የወደፊቱን የሚናገር ትንቢት ብቻ አይደለም፤ ሰው ገንዘቡን ወዴት እንዳዘነበለ የሚያሳይ ሚዛንም ነው።

ሌላም ዓይነት ውርርድ አለ። ታላቅና ታናሽ ወንድማማቾች በመስክ ላይ ቢሮጡ፣ ታላቁ እንዲቀድም የታወቀ ስለ ሆነ የሚወራረድ አይገኝም። ታናሹ 20 እርምጃ ወደ ፊት ቀድሞ እንዲቆም ቢደረግ ግን ማን እንደሚቀድም ያጠራጥራል፤ ወዲያውም ወራራጅ ይገኛል። ለደካማው የሚሰጠው ይህ ቅድሚያ በእንግሊዝኛ «ሃንዲካፕ» ይባላል። በአሜሪካ አገር በቅርጫት ኳስና በአሜሪካ እግር ኳስ በነጥብ ይሰጣል። ይህን የነጥብ ልዩነት በሺካጎ ከተማ በሰፊው ያስለመደው ቻርልስ ማክኔይል የሚባል ሰው ነው ይባላል፤ እርሱም አስቀድሞ የሒሳብ መምህር ነበረ። ትምህርቱ ለማን እንደ ጠቀመ ወደ ፊት ይታያል።

የቅድሚያን ነገር በአርሲ ልጅ ሩጫ መመርመር ይሻላል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. በአሰላ አጠገብ ተወለደ። በልጅነቱ ደብተሩን በክንዱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። በሐምሌ ወር 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ቀደመው። የኃይሌ ጊዜ 27 ደቂቃ ከ7.34 ሰከንድ፣ የቴርጋት 27 ደቂቃ ከ8.17 ሰከንድ ነበረ። ልዩነታቸው 0.83 ሰከንድ ነው። በመስከረም ወር 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ሁለቱ እንደ ገና ተገናኙ። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ፤ ቴርጋትም በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ብቻ ሆነ፤ ዓይን ከተጨፈነ ቶሎ የማይገለጥበት ጊዜ ነው።

አሁን አንድ ሰው በሁለቱም ሩጫ ለቴርጋት ግማሽ ሰከንድ ቅድሚያ ሰጥቶ ስለ ኃይሌ ተወራርዶ ነበር እንበል። በአትላንታ ገንዘቡን ይቀበላል፤ 0.83 ከግማሽ ሰከንድ ይበልጣልና። በሲድኒ ግን ኃይሌ ወርቁን ሲወስድ፣ የአሰላ ሕዝብም እልል ሲል፣ ይህ ሰው ገንዘቡን አጥቶ አንገቱን ይደፋል። ስለ አሸናፊው አልተሳሳተም፤ ስለ ልዩነቱ ግን ተሳሳተ። እንዲህ ያለ ውርርድ ሰውን ከወገኑ ደስታ እንኳ ይለየዋል።

የቅድሚያው ቁጥር ብዙ ጊዜ ግማሽ ያለበት ነው፤ ለምሳሌ አንድ ተኩል ጎል ወይም ሰባት ተኩል ነጥብ። ግማሽ ጎል በሜዳ ላይ አይገኝም። ግማሹ የተጨመረው እኩል መውጣት እንዳይኖርና ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ነው። በአሜሪካ በነጥብ ልዩነት የሚወራረድ ሰው 100 ዶላር ለማትረፍ 110 ዶላር ማስያዝ የተለመደ ነው። አንዱ በዚህ ወገን፣ አንዱ በዚያ ወገን ቢያስይዙ ባለ ቤቱ 220 ዶላር ይሰበስባል። ላሸነፈው 210 ዶላር ይሰጣል፤ 10 ዶላር በእጁ ይቀራል። የሒሳብ መምህሩ ቅድሚያ ሁለቱን ወገኖች እኩል ካደረገ በኋላ፣ ዳኛው ማሩን በሰላም ይበላል።

«እኔ ግን ኳስን አውቃለሁ» የሚል ሰው አይታጣም። እውነት ነው፤ ማወቅ ይረዳል። ነገር ግን የተጫዋቾችን ስም፣ የተጎዳውንና የዳነውን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ዋጋውም የተተመነው ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። በገበያ ሁሉ የሚያወራውን ወሬ ይዞ ገብስ በርካሽ የሚገዛ የለም። ለማትረፍ ከዋጋው ይልቅ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያውም የባለ ቤቱን ድርሻ እስኪሸፍን ድረስ ነው። በውጭ አገር እንዲህ አውቀው ደጋግመው የሚያሸንፉ ጥቂቶች ሲገኙ፣ ብዙ ቤቶች የሚያስይዙትን ገንዘብ መጠን ይቀንሱባቸዋል።

ጎልማሶችን ከሁሉ ይልቅ የሚስበው ግን ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት ላይ መደርደር ነው። አንድ ጎልማሳ አሥር ጨዋታዎችን መረጠ እንበል፤ የእያንዳንዱም ኦድ 1.50 ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ሲባዙ ከ57 እጥፍ በላይ ይሆናሉ። ስለዚህ በ20 ብር 1,153 ብር ይገኛል። ይህን አይቶ የማይጓጓ ማን ነው? ነገር ግን ድርሻውም አብሮ ይባዛል። የእያንዳንዱ ጨዋታ እውነተኛ ዕድል ከ100 ጊዜ 63 ጊዜ ቢሆን፣ አሥሩ ሁሉ አብረው የሚሰምሩት ከ100 ትኬት በአንዱ ብቻ ነው። ከቀሩት መካከል ስድስት ያህሉ በአንዲት ጨዋታ ብቻ ይወድቃሉ። ያሸነፈው አንድ ሰው ደስታውን በከተማው ሁሉ ያወራል፤ ስድስቱም «አንዲት ጨዋታ ብቻ ቀረችኝ» እያሉ ያወራሉ፤ ለሚመጣውም ሳምንት ይበረታታሉ። ዘጠና ሦስቱ ዝም ይላሉ። ስለዚህ በሻይ ቤት የሚሰማው ወሬ ሁሉ የማሸነፍና ለማሸነፍ የመቅረብ ወሬ ነው።

አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ትኬት በየጊዜው እየገዛ 100 ቢያደርስ 2,000 ብር ያወጣል፤ እንደ ሒሳቡ አንድ ጊዜ ቢቀናው 1,153 ብር ይደርሰዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ በዕድል ጨዋታ የተገኘ ገንዘብ 1,000 ብርና ከዚያ በላይ ሲሆን 15 ከመቶ ግብር እንዲከፈልበት አዘዘ፤ አስቀድሞ የጠፋው ገንዘብም አይቀነስለትም። በዚህ አዋጅ መጠን ግብሩ ሲነሣ ባለ ትኬቱ ወደ ቤቱ የሚወስደው 980 ብር ያህል ነው።