ወጣ ገባውን ፈትል አትጣሉት

እናቴ በጉብዝናዋ ዘመን «ቀጭን ፈታይ» ተብለው ከሚመሰገኑት አንዷ ነበረች። እሷ የፈተለችው ማግ የገባበት ነጠላ ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። አምና ግን ዓይኗ ደከመ፤ ጣቶቿም እንደ ልብ አልታዘዝ አሏት። ፈትሏን አገላብጦ ያየው ሸማኔ፣ «እማማ፣ ይኼ ለነጠላ አይሆንም፤ ለጋቢ ግን ይሆናል» አላት። እናቴ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቤት ስትገባ እንዝርቷን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ሸማኔው ግን እውነቱን ነው። ድር ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል፤ ብዙ ሸማኔዎች ለድር የፋብሪካ ክር የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ማግ በመወርወሪያ ገብቶ በድሩ መካከል ስለሚያርፍ ያን ያህል አይወጠርም። እንዲያውም ወፈር ያለ ማግ ጋቢና ቡልኮን ያሞቃል።

ፈትል ወጣ ገባ የሚሆነው ባዘቶው እኩል ሳይሳብ ሲቀር ነው። እንዝርቱ የሚሰጠው ክረት ወደ ቀጭኑ ቦታ ይሸሻል፤ ወፍራሙ ቦታ ልል ሆኖ ይቀርና ቶሎ ይበጠሳል።

ይህን ያወቀ ሰው ፈትሉን ለሹራብም ሊያውለው ይችላል። ሁለት ልቃቂት ወስዳችሁ፣ እንዝርቱን መጀመሪያ ከዞረበት በተቃራኒ አቅጣጫ እያሾራችሁ አንድ ላይ አክርሯቸው። የአንዱ ወፍራም ከሌላው ቀጭን ጋር ሲገናኝ ክሩ ይመጣጠናል፤ ይጠነክራልም። ከዚያ በውኃ አርጥባችሁ አድርቁት፤ መጠማዘዙን ይተዋል። ለሥራው ወፈር ያለ የሹራብ መሥሪያ እንጨት ምረጡ። ቅርጽ ያለው ጥልፍልፍ በእንዲህ ያለ ክር ላይ አይታይም፤ ቀላሉ አሠራር ይበቃል። ካልሲ አትሞክሩበት፤ ልል የሆነው ቦታ ቶሎ ያልቃል። ለአንገት ልብስና ለትራስ ልብስ ግን ተስማሚ ነው።

እኛ ቤት ይህ የተጀመረው በ7 ዓመቷ ልጄ ነው። እንዝርቱን ከሣጥን አውጥታ «አሳዪኝ» ብላ አያቷን ያዘቻት። የመጀመሪያ ፈትሏ እዚህ እንደ ጣት፣ እዚያ እንደ ፀጉር ነበር። እናቴ አየችውና ሳቀች፤ «የኔኑ ይመስላል» አለች። የሁለቱን ልቃቂት አብረን አከረርነው። የአንገት ልብስ ወጣው፤ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፤ ልጄ ግን ጠዋት ጠዋት ያለሱ ትምህርት ቤት አትሄድም።

እንዝርቱ ወደ ሣጥኑ አልተመለሰም። አሁን እናቴ ለጋቢ ማግ እየፈተለች ነው። ሸማኔውም ባለፈው ሳምንት በደጃችን ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ «እማማ፣ ማጉ መቼ ይደርሳል?» ሲል ጠየቃት።