ፎር ዊል ድራይቭ ሲገዛ ጎማው ይታይ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ለፎር ዊል ድራይቭ መኪና ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣ ገዢ ብዙውን ጊዜ በረዶውን አስቦ ነው። ለመሆኑ ምን ገዛ? የሞተሩ ኃይል ለአራቱም ጎማ መዳረሱ መኪናው ከቆመበት እንዲነሳና ዳገት እንዲወጣ ይረዳል። ለመቆም ግን አይረዳም፤ ተራ የቤት መኪናም ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው። በቀላሉ መነሳቱ ሾፌሩን ማደፋፈሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

በበረዶ ላይ የሚያቆመው ጎማው ነው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይደርቃል፤ የበረዶ ጎማ እንደለሰለሰ ይቆያል። የኮሎራዶ ሕግም ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በኢንተርስቴት 70 ተራራማ መንገድ ለሚያልፍ ፎር ዊል ድራይቭ የጎማ ጥርሱ 3/16 ኢንች ጥልቀት እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ያለዚያ ሰንሰለት መያዝ አለበት። ያገለገለ መኪና የሚዋዋል ሰው ሞተሩን ከማየቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ቢለካ፣ ካለቀም የአራት ጎማ ዋጋ ቢያስቀንስ ያዋጣዋል።