«ከበደን!»፦ ስለ አንድ የተለመደ ስምና ስለ ቀልዶቹ



ዛሬ የምናገረው ሁላችሁም ስለምታውቁት ስም፣ ስለ ከበደ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንኳ አባቱ ወይም አያቱ ከበደ የሚባል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የተለመደ ስም ደግሞ ከቀልደኛ አያመልጥም። አንዱ «ከበደን ለምን አላመጣችሁትም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሌላው «ከበደን!» ብሎ ይመልሳል።

ሳቁ የሚመነጨው ከሰዋስው ነው። ከበደ ስም ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «እርሱ ከባድ ሆነ» ማለት ነው። አበበ፣ ታደሰና ተፈራም እንደዚሁ ከኀላፊ ግስ የወጡ ስሞች ናቸው። በጥያቄው ውስጥ በስሙ ላይ የተጨመረችው «ን» የተሳቢ ምልክት ናት። በመልሱ ውስጥ በግሱ ላይ የተጨመረችው «ን» ግን «እኛን» የምታመለክት ናት። ሁለቱ በፊደልም በድምፅም አንድ ስለሆኑ የሚለያቸው ዐውድ ብቻ ነው። መንገዱ አንዴ ከተከፈተ ፈጠራው አያቆምም፤ ፈተና የጸናበት ተማሪ «የዛሬው ፈታኝ አቶ ከበደ ነበሩ» ይላል። ከበደች የምትባል ሴት ሚዛን ላይ ስትወጣ የሚባለውንማ ለእናንተ መንገር አያሻም።

ሆኖም ስም ያወጡት ወላጆች ያሰቡት የኪሎ ክብደት አልነበረም። በሴማውያን ቋንቋዎች ክብደትና ክብር ጎረቤታሞች ናቸው። በዕብራይስጥ «ካቬድ» ከባድ፣ «ካቮድ» ደግሞ ክብር ማለት ሲሆን፣ ሁለቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የእኛ «ክብር» ሥሩ ሌላ ነው፤ መጨረሻው «ደ» ሳይሆን «ረ» ነው። ሐሳቡ ግን በእኛም ዘንድ አለ። ስለሚፈራና ስለሚደመጥ ሰው ስንናገር «ከባድ ሰው ነው»፣ «ቀላል ሰው አይደለም» እንላለን። ስለዚህ ከበደ ማለት «ግርማ አገኘ፣ በሰው ዘንድ ታፈረ» ማለት ነው።

ቅኔያችን ሰሙን ገልጦ ወርቁን ይሰውራል፤ ሰሚውም ቆፍሮ ወርቁን ሲያወጣ ይደሰታል። የስም ቀልድ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ወላጆች በስሙ ያኖሩትን ወርቅ ትቶ ሰሙን ብቻ ይዞ ይስቃል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ቋንቋ የሚጫወቱበት ሰዎች እስካሉት ድረስ ሕያው ነው፤ እኔም እስቃለሁ።

ነገሩ የሚለወጠው ቀልዱ በሰው ላይ ሲያርፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ልማዳችን ግን አልተከተለውም። ከስማችን ቀጥሎ የምንጽፈው እስከ ዛሬ የአባታችንን ስም ነው። በሌላ አገር በቤተሰብ ስም የሚቀልድ ሰው ከብዙ ትውልድ የወረደ መጠሪያን ይነካል፤ በእኛ አገር ግን አንድን የታወቀ ሰው፣ ምናልባትም ትናንት የተቀበረ አባትን ይነካል። ስም ሲጠራ ክፍሉ በሳቅ የሚያውካካበት ልጅ ዝም ቢል አባቱን አሳልፎ የሰጠ ይመስለዋል፤ ቢቆጣ ደግሞ «ቀልድ አያውቅም» ይባላል። ባዕድ አገር የተወለደ የልጅ ልጅ ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ ከበደ ለእርሱ ቋሚ የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ አማርኛ ካልተማረ ከቀልዱ በቀር የስሙን ትርጉም የሚነግረው ላይኖር ይችላል።

አማርኛ ለዚህ የሚስማማ ቃል አለው፤ «ማቃለል»። ሸክምን ማቅለልም፣ ሰውን መናቅም በዚሁ ቃል ይነገራል። መምህራንም ወላጆችም ሁለቱን መለየት የምንችለው ባለስሙን ስናይ ነው፤ አብሮ ከሳቀ ሸክም ቀሏል፣ አንገቱን ከደፋ ግን ሰው ተቃሏል። ያን ጊዜ ቀልዱን ከልክለን ብቻ አንተው፤ የስሙን ወርቅ በሁሉም ፊት እንንገረው።