ቅጠሉን ማን በላው? የተባይ ልየታ በደባርቅና በዳባት ጓሮዎች

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የጓሮ አትክልትን የሚያጠቁ ነፍሳት ብዙ ሲሆኑ መጠሪያቸው ግን ጥቂት ነው፤ የሚሳበው «ትል»፣ ቅጠል ያደረቀው ደግሞ «ውርጭ» ወይም «ምች» እየተባለ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ጉዳዩ የቋንቋ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ጠላቱን በስሙ ያላወቀ አትክልተኛ ከገበያ ያገኘውን ኬሚካል በሁሉም ላይ ለመርጨት ይገደዳልና።

የመሬቱ አቀማመጥ ልየታውን ያወሳስበዋል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነ ደጋ ላይ ስትገኝ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ያሉት አዲአርቃይና ዛሪማ ወደ ቆላ ያዘነብላሉ። የነፍሳት የሰውነት ሙቀት በአየሩ ስለሚወሰን፣ በደጋው ብርድ ለማደግ ረጅም ጊዜ የሚፈጅባቸው ዝርያዎች በቆላው ፈጥነው ትውልድ ይተካሉ፤ ስለዚህ ለዛሪማ የተሰጠ ምክር እንዳለ ለዳባት አይሆንም።

ልየታ ከነፍሳቱ ይልቅ ከቅጠሉ ቢጀምር ይሻላል፤ ብዙ ተባዮች ሌሊት በልተው ቀን ይሰወራሉ፣ የአፋቸው ምልክት ግን ይቀራል። ቆርጣሚዎቹ፣ ማለትም አባጨጓሬዎች፣ ጥንዚዛዎችና ፌንጣዎች፣ ቅጠሉን ይበሳሉ፣ ጠርዙንም ይከረክማሉ፤ መጣጮቹ በአንጻሩ መርፌ መሰል አፋቸውን ተክለው የተክሉን ፈሳሽ ስለሚስቡ ቀዳዳ አይተዉም፣ ቅጠሉ ግን ይጠቀለላል፣ ይገረጣል፣ ይቀጭጫል። በውርጭ ከሚሳበበው ጉዳት ከፊሉ የእነዚሁ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከመጣጮቹ መካከል ለሀበሻ ጎመን ዋነኛው ጠላት ክሽክሽ ነው። የጎመን ክሽክሽ አመድ በመሰለ ሰም የተሸፈነ ደቃቅ ነፍሳት ሲሆን፣ በለጋ ቅጠሎች ጀርባና በአበባው ዘንግ ላይ በመንጋ ተጣብቆ ይኖራል። ሴቷ ያለ ወንድ፣ ያውም ዕንቁላል ሳትጥል፣ ሕያው ልጆች ስለምትወልድ መንጋው በጥቂት ቀናት ይበዛል። በባቄላ ላይ የሚወርደው ጥቁሩ ክሽክሽ ደግሞ ጣፋጭ ፈሳሽ እያመነጨ ጉንዳን ይጠራል (ጉንዳኑን በጥፋተኛነት መፈረጅ ስሕተት ነው፤ እርሱ ጣፋጩን ሊልስ የመጣ ነው)። የክረምት ዶፍ ክሽክሽን ከቅጠል ያጥባል፤ በበጋ በመስኖ የሚለማ ጓሮ ግን ይህ ዕድል የለውም። ሆኖም በመንጋው መካከል አብጠው የደረቁ ቡናማ ክሽክሾች ከታዩ፣ ደቃቅ ተርቦች በውስጣቸው ዕንቁላል ጥለው ገድለዋቸዋል ማለት ነው፤ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛና እጯም እንዲሁ ክሽክሽን ይመገባሉ። በዚህ ሰዓት መርጨት ዘበኛውን ከሌባው ጋር መግደል ይሆናል።

ሲነካ እየተንፈራገጠ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ የሚወርደው ትንሽ አረንጓዴ ትል የአንዲት ግራጫ የእሳት እራት ልጅ ነው። የጎመኑን ቅጠል ከጀርባው ልጦ የላይኛውን ስስ ሽፋን ስለሚተው፣ የተበላው ቦታ ብርሃን እንደሚያሳልፍ መስኮት ይሆናል። ይህ ተባይ እ.ኤ.አ. በ1953 በኢንዶኔዢያ ጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሙ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ኬሚካሎችን ስለለመደ፣ አንዱን መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት የማይሞቱትን መርጦ እንደ ማርባት ነው።

ችግኝ ሌሊት ከአፈሩ እኩል ተቆርጦ ካደረ ጥፋተኛው ቆራጭ ትል ነው፤ በግንዱ ዙሪያ አፈሩ ሲጫር ተጠቅልሎ ስለሚገኝ በእጅ ይለቀማል። በነጭ ሽንኩርት ቅጠል ላይ የሚታይ ብርማ ጭረት የትሪፕስ ምልክት ሲሆን፣ ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ ማራገፍ ደቃቆቹን ነፍሳት ያጋልጣል። በሰሜን ተራሮች ዕፅዋት ሲሰበስብ የነበረው ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው የሚነገርለት ድንች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል፤ በርጥብ ወራት ቅጠሉ ጠቁሮ የሚበሰብሰው በበሽታ እንጂ በነፍሳት ስላልሆነ የነፍሳት መግደያ ከንቱ ወጪ ነው።

የስም መደባለቅ መዘዝ በቆሎ በሚበቅልበት ቆላ ጎልቶ ይታያል። ነባሩ ተምች በመንጋ እየተጓዘ ግጦሽና አዝርዕት ያወድማል፤ በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የታየው የአሜሪካ መጤ ተምች ግን በበቆሎው እምብርት ተደብቆ ስለሚበላ ከላይ የተረጨ ኬሚካል በቀላሉ አይደርሰውም። መጤው በግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ ባላ መሰል ነጭ መስመርና በጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን በተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ይለያል።

የ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የተመዘገበውን ለማይገባው ተባይ ከመርጨት የሚያድነው ግን ልየታ ብቻ ነው። የደባርቅና የዳባት ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የእነዚህን ተባዮችና የተበሉ ቅጠሎችን ሥዕል፣ ገበሬው ከሚጠራቸው ስም ጋር፣ በየቀበሌው ማሠልጠኛ ማዕከል ቢሰቅሉ ወጪው ከአንድ የርጭት ወቅት ኪሳራ አይበልጥም፤ አትክልተኛውም ወደ ኬሚካል ሻጭ ከመሄዱ በፊት የተበላውን ቅጠል ይዞ ወደ ግብርና ባለሙያው ይሂድ።