ባሕር የሚመስለው የማላዊ ሐይቅ

አኳሪየም ሲባል አብዛኛው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው የባሕር ገንዳ ነው፦ ነጭ አሸዋ፣ የድንጋይ ክምር፣ በክምሩ ዙሪያ የሚርመሰመሱ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ዓሦች። ወጪውን ሲሰማ ግን ብዙው ሐሳቡን ይተዋል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ለዚሁ የተዘጋጀውን ጨው ገዝቶ፣ መዝኖ፣ በጥብጦ፣ የሚተነውንም ውሃ እየተካ መኖር አለበት። ኮራሎቹ ኃይለኛ መብራት ይፈልጋሉ። ከዓሦቹም አብዛኞቹ በእርባታ የተገኙ ሳይሆኑ ከባሕር የተጠመዱ ናቸው፤ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ዓሣውን ለማደንዘዝ ሲያናይድ የሚረጩ አጥማጆች ኮራሉን ጭምር ገድለዋል።

ይህን መልክ ያለ ጨው ማግኘት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከፕላስቲክ ኮራል ነው። ፕላስቲኩ ወራት ሳይቆጠሩ አልጌ ይለብሳል፤ ሲፈገፈግም ቀለሙ እየለቀቀ ይሄዳል። የደማቅ ቀለም ፍለጋው ወደ ባሰ ነገር የሚያደርስበት ጊዜም አለ። በእስያ የሚኖረውና ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፈው ትንሹ ብርጭቆ ዓሣ በመርፌ ቀለም እየተወጋ ለገበያ ሲቀርብ ኖሯል። ከሕመሙ የተረፉትም ቢሆኑ ቀለሙ ውሎ አድሮ ይጠፋባቸዋል። እንዲህ ያለውን ዓሣ መግዛት ጭካኔውን መደገፍ ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። ጨው በሌለበት ውሃ የሚኖሩ፣ የኮራል ዓሦችን ያህል የደመቁ ፍጥረታት በራሳችን አህጉር አሉ።

ኢትዮጵያን ሰንጥቆ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ጫፉ ሲቃረብ የማላዊን ሐይቅ ይሠራል። ሐይቁ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ወደ 700 ሜትር ይደርሳል፤ ዳርቻውን ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ ይጋሩታል። በዓሣ ዝርያ ብዛት የሚስተካከለው ሐይቅ በዓለም የለም፤ ዝርያዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ አብዛኞቹ ከዚያ ሐይቅ ውጭ የትም አይገኙም። የሚበዙት ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ ከዝዋይና ከሐዋሳ የሚወጣው ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ዩኔስኮ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ያለውን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1984 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዋናው ምክንያት እነዚህ ዓሦች ነበሩ።

እንዲህ የደመቁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሐይቁ ውሃ ጥርት ያለ ነው። በዓለቶቹ ላይ በስሱ የሚበቅለውን አልጌ እየጋጡ የሚኖሩትን ዓሦች የአካባቢው ሰዎች ምቡና ይሏቸዋል። በአንድ የዓለት ክምር ብዙ የምቡና ዝርያዎች ተጨናንቀው ይኖራሉ፤ ቁመናቸው ስለሚመሳሰል ሴቷ የራሷን ዝርያ ወንድ ለመለየት በቀለሙ ላይ ትመካለች። ወንዱም ግዛቱን የሚያስከብረው በዚያው ቀለም ነው። የኮራል ዓሦችም የሚኖሩት በዚሁ ዓይነት ሁኔታ ነው፤ ጥርት ያለ ውሃ፣ የተትረፈረፈ ብርሃን፣ በጠባብ ቦታ የታጨቀ ብዙ ዝርያ። ተመራማሪው ኦሌ ዜሐውዘንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ውሃው በደፈረሰባቸው ቦታዎች የሲክሊዶቹ ቀለም እንደሚደበዝዝና የዝርያዎቹም ቁጥር እንደሚያንስ አሳይተዋል።

እንግዲህ የማላዊን ዓለታማ ዳርቻ በታማኝነት ቤቱ ውስጥ የሠራ ሰው፣ ላስመስል ሳይል ገንዳው የባሕር መልክ ይይዝለታል።

ገንዳው ከ200 ሊትር ባያንስ ይመረጣል፤ 300 ቢሆን ደግሞ እጅግ ይሻላል። በ300 ሊትሩ ውሃው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ተደምረው ከ350 ኪሎ ስለሚበልጡ ማስቀመጫው ጠንካራና ሚዛኑን የጠበቀ መሆን አለበት። ድንጋይ የሚገባው ከአሸዋ በፊት ነው። ምቡና አሸዋ ይቆፍራል፤ በአሸዋ ላይ የተቀመጠ ክምር ሥሩ ሲቦረቦር ይናድና መስታወቱን ሊሰብር ይችላል። ክምሩ እስከ ውሃው አፋፍ ቢጠጋ ጥሩ ነው፤ ዓሦቹ መደበቂያ ዋሻና ስንጥቅ ያገኛሉ፤ ለዓይንም የባሕር ግድግዳ ይመስላል። ለቤት ሥራ የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ ውሃውን አይለውጥም። የኖራ ድንጋይ ግን ቀስ በቀስ እየሟሟ ማዕድን ይለቃል። ለመለየት ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ ከተንፈቀፈቀ ኖራ አለበት።

በባሕር ገንዳ የምናየው ነጭ የኮራል ስብርባሪና ዛጎልም የተሠራው ከዚያው ከኖራ ነው። ከአማዞን ገባሮች የመጣውን ኒዮን ቴትራ የተባለ ዓሣ እንዲህ ያለ ጌጥ ይጎዳዋል፤ እርሱ የሚፈልገው ማዕድን ያነሰበት ለስላሳ ውሃ ነው። የማላዊ ሐይቅ ውሃ ግን ፒ ኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያው በአብዛኛው ከ7.7 እስከ 8.6፣ ማለትም አልካላይን ስለሆነ፣ ሌላውን ዓሣ የሚያሳምመው ኮራል አሸዋ ለምቡና ይስማማዋል። ለዓይን የሚያምረውና ለዓሣው የሚበጀው እንዲህ ሲገጣጠም የሚያስደስት ነገር ነው።

ከኋላ መስታወት ውጭ ደብዛዛ ሰማያዊ ወረቀት ወይም ቀለም ቢደረግ ጥልቀት ይሰጣል። በመብራት ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። የባሕር ገንዳ መብራት ሰማያዊ ስለሆነ እነርሱም ሰማያዊ ብቻ ይገዛሉ። ኮራል በሰማያዊ ብርሃን የሚያበራው በሰውነቱ ውስጥ ብርሃኑን ተቀብለው በሌላ ቀለም የሚመልሱ ፕሮቲኖች ስላሉት ነው። ብርቱካናማው ምቡና ይህ የለውም፤ በንጹሕ ሰማያዊ ብርሃን ሥር ቡናማ ይመስላል። ነጭ ብርሃን ላይ ጥቂት ሰማያዊ መጨመር ይበቃል።

ዓሣ ለማስገባት መቸኮል አይገባም። የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ ሳይወገድ መግባት የለበትም። አዲስ አበባ ላሉ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ በዚህም ምክንያት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የውሃው ገጽ ሌት ተቀን መናወጥ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለባትሪ የአየር ፓምፕም ያስፈልጋል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሚጠብቅ ማሞቂያም ግዴታ ነው።

ለጀማሪ የምመርጠው የሎው ላብ የሚባለውን ነው። ሳይንስ ይህን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲመዘግበው የሚያውቀው ነጣ ያለ ሰማያዊውን ነበር፤ ዛሬ በየሱቁ የሚታየው ደማቅ ቢጫ የመጣው በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ካለ አጭር ክልል ነው። ብርቱካናማው ሬድ ዜብራና ፈዛዛ ሰማያዊው ሶኮሎፊ አብረውት ይሄዳሉ። ከእነዚህ ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ ቀለም አላቸው፤ ፒኮክ በሚባሉት የማላዊ ዓሦች ግን ሴቷ ግራጫ ናት። አውራተስ የሚባለውን መተው ይሻላል። በልጅነቱ ወርቃማ ሆኖ ያማልላል፤ ወንዱ ሲያድግ ጥቁር ይለብስና ሌላውን ሁሉ ያሳድዳል። ምቡና ሁሉ ተጣይ ስለሆነ ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም አራት ሴት ይመደባል፤ በ300 ሊትር ውስጥም ሃያ ያህል ዓሦች አብረው ቢያድጉ ቁጣው በአንዱ ላይ አያርፍም። ለዚህ ብዛት ጠንካራ ማጣሪያና በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ወይም ሲሶውን መቀየር የግድ ነው።

አልጌ የሚግጥ ዓሣ አንጀቱ ረጅም ነው። ሥጋ ወይም ቅባት የበዛበት ምግብ ከሰጡት ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት ይችላል። የሚስማማው ስፒሩሊና ያለበት ምግብ ነው፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ ያደረገው ይኸው ፍጥረት ነው። በድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አልጌም መፈግፈግ አያስፈልግም፤ ለዓሦቹ ግጦሽ ይሆናል።

ውሃው ከተስማማቸው ይራባሉ። እናቲቱ እንቁላሎቹን በአፏ ሰብስባ፣ እህል ሳትቀምስ ሦስት ሳምንት ያህል ትይዛቸዋለች፤ አንገቷ ሥር አብጦ ይታያል። ጫጩቶቹ ሲበዙ ለሌላ አርቢ መስጠት እንጂ ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። በማላዊው ፓርክ ውስጥ ባለችው በቱምቢ ዌስት ደሴት ዙሪያ ከሌላ የሐይቁ ክፍል መጥተው የተለቀቁ ምቡናዎች ሰፍረው፣ ዛሬም ከነባሮቹ ጋር በዓለትና በምግብ ይሻማሉ።